አስካለች ጫማዋን ያወለቀችበት በር

የልጅ ልጄ ሶሊያና ከቱርክ ከተመለሰች ሁለት ሳምንቷ ነው። ትምህርት ቤቷ «የልውውጥ ተማሪ» ብሎ ለሦስት ወር ልኳት፣ ይኸው ፊቷ ሞላ ብሎ መጥታለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። የዛሬ ልጆች ፎቶ ማለቂያ የለውም፤ የበሉትን ያነሳሉ፣ ሊበሉ ያሰቡትንም ያነሳሉ። «ይሄ የአንድ ቀን ጉዟችን ነው፣ እማማ። ጠዋት ምሽጉን ጎበኘን፣ ከሰዓት ባሕር ወረድን» አለችኝ። ምሽጉን አየሁት፤ ድንጋይ ነው። «ይሄ ደግሞ ባሕሩ!» ብላ በጣቷ ገፋ ስታደርገው ግን ባሕሩ አልታየኝም። የታየኝ አሸዋው ላይ የተደረደረ ጫማ ነው። ሰው የለም፤ ጫማ ብቻ። ክው አልኩ። የሻይ ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ሲከሰከስ ሶሊያና ናት የጮኸችው እንጂ እኔስ አልሰማሁትም። «ባለቤቶቹ የት ሄዱ?» አልኳት። «የምን ባለቤቶች?» «የጫማዎቹ!» «እንዴ እማማ፣ እየዋኙ ነዋ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች።

እኔም በዘመኔ የልውውጥ ተማሪ ነበርኩ ብል እዚህ ቤት የሚያምነኝ የለም። ለነሱ ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከታክሲ ረዳት ጋር በመልስ የምትጨቃጨቅ ሴትዮ ነኝ። ግን ነበርኩ። ያን ጊዜ ኮልፌ እንዲህ በፎቅና በሞባይል መሸጫ አልታጠረችም። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ዘወር ካሉ የባሕር ዛፍ ሽታ ነው የሚቀበልዎት። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ አውቶቡሱ በአሥራ አምስት ሳንቲም መርካቶ ያደርሳል፣ አምስት ሳንቲም ከተረፈ ደግሞ ከፌርማታው ጀርባ ካለችው ሱቅ ከረሜላ ይገዛል። ቆንጆ ማለት ቴትሮን ቀሚሷን ከጉልበቷ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ያሰፋች፣ ፀጉሯን አበጥራ ያቆመች ናት። ቡና ቤቶቹ ሁሉ ካሴት የሚለቁት በር ከፍተው ስለሆነ፣ አንዱን ዘፈን አራት ቡና ቤት ተቀባብሎት እኛ ቤታችን ስንደርስ ያልቃል። ዛሬ ያው መንገድ ላይ የጀኔሬተርና የታክሲ ጡሩምባ ነው የሚሰማው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድ ዛሬም የትኛው ደጃፍ ላይ የትኛው ስንኝ ይደርስ እንደነበር እነግራችኋለሁ።

አስካለችን የማውቃት ከዚያ ነው። ጓሯችንን ከጓሯቸው የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። አባቷ ጉራጌ አገር ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ የገቡ፣ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ናቸው። እናቷ እትዬ ወለላ ሳቂታ ነበሩ፤ ሲስቁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። የኔ ወላጆች ከጎጃም የመጡ ቁጥብ ሰዎች፣ ሳቅ የሚያበዛ ሰው የሚያሳስባቸው ስለነበሩ፣ እኔ እትዬ ወለላ ጓዳ ነው ያደግሁት ብል አልዋሸሁም። አስካለች በዕድሜ በሁለት ወር ትበልጠኛለች፤ በትምህርት ደግሞ ተዉት፣ አይወራም። አሥራ ሁለተኛን ስንጨርስ ከትምህርት ቤታችን ሁለት ልጆች ለወዳጅነት ልውውጥ ቡልጋሪያ ይሄዳሉ ተባለ። እነሱም የነሱን ልጆች ወደኛ ይልካሉ። አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ እኔ ወጣን። አባቷ ቡናማ፣ ዘለበት ያለው የቆዳ ጫማ ገዙላት። አሥራ ስምንት ብር! ሰፈርተኛው ጫማውን ሊያይ ይመጣ ነበር፤ እትዬ ወለላም ከካርቶኑ እያወጡ ያሳያሉ፣ መልሰውም ይጠቀልሉታል። የኔ ሸራ ጫማ ነበር። ቅናቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ እድሜዬ ለውሸት አልፏል።

እዚያ ስንደርስ ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጣን ሃያ ነበርን። በላያችን አንድ ተጠሪ ተሹሞብናል። የራሳችን አገር ሰው ነው፣ ከኛ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ከካኪ ኮቱ ደረት ኪስ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች ይኖሩት ይሆናል። ክፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ እሱም የበላዮቹን ይፈራ ነበር። እኛ ደግሞ እሱን። ማን ማተብ እንዳሠረ፣ ማን ከፈረንጅ ጋር እንደቆመ፣ ማን ሲያለቅስ እንደዋለ አንዲት ሰማያዊ ደብተር ላይ ይይዛል። ስሙ ደብተሩ ላይ የበዛበት ሰው «ወደ አገር ቤት» ይመለሳል። ይህ ነገር ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ጭንቅ ነው፤ ሻንጣ ይዞ እናቱ ቤት መግባት ይመስላቸዋል። በዚያ ላይ ዓመቱ ሲያልቅ ከኔና ከአስካለች አንዳችን ብቻ ዩኒቨርሲቲ ገብተን እንደምንቀጥል ተነግሮናል። እሷ እንደምትሆን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ የክፍሉ ወንበርም ያውቃል።

የአገሩ ሰው አንገት የተገላቢጦሽ ነው። «አዎ» ሲል ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል፣ «የለም» ሲል ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል። መጀመሪያ ሰሞን ዳቦ አለ ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ ሻጯ ራሷን እየወዘወዘች ዳቦውን ስትዘረጋልን በሳቅ ልንሞት። እነሱም በኛ ይገረማሉ። እኛ ስንስማማ ቃል መች እናወጣለን? ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ በቃ፣ አዎ ማለት ነው። መምህራችን ቫንያ፣ ደግ ሴት፣ «ምን ብዬ ነው የማስደነግጣችሁ?» እያለች ሁለት ወር ሙሉ ስትጨነቅ ኖራ፣ በመጨረሻ አስካለች ናት የገላገለቻት። «አልደነገጥንም፣ መምህር። እኛ አገር እንዲህ ነው አዎ የሚባለው» አለቻት። ቫንያ ወዲያው ልሞክረው ብላ ትንፋሿን ስትስብ ሳል ያዛት። ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል።

የኛ የአንድ ቀን ጉዞ የሆነው ፍልሰታ ውስጥ ነው። ቫንያ ጠዋት ምሽግ፣ ቀጥሎ ባሕሩ ዳር ያለውን አሮጌ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባሕሩን እንደምናይ ነግራን፣ ሁላችንም ያለንን ለብሰን ወጣን። እኔ ቢጫዋን ቴትሮኔን፣ አስካለች ነጭ ሸሚዝና ያቺን ቡናማ ጫማ። አውቶቡሱ ውስጥ ሌላው ሲዘፍን እሷ ዝም ብላለች። ከትናንት በስቲያ ከወንድሟ ደብዳቤ ደርሷት ነበር፤ «እማዬን ትንሽ አሟታል» ይላል። ሀበሻ «ትንሽ» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ጾሙንም በስውር ይዛዋለች። ምሳ ላይ የተቀቀለ እንቁላልና አይብ ሲታደለን፣ ድርሻዋን ከጠረጴዛው ሥር ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና «ብይልኝ፣ ተጠሪው እንዳያየኝ» አለችኝ። የራሴንም የሷንም በላሁ። ያን ቀን ብቻ ሳይሆን ሌላም ቀን እበላላት ነበር።

አሮጌው ከተማ በአንዲት ቀጭን መንገድ ከየብስ ጋር የተያያዘ ቋጥኝ ላይ ነው የተሠራው። ቀይ ሸክላና ነጭ ድንጋይ እያፈራረቁ የገነቧቸው፣ ጣራቸው የወደቀ ቤቶች በየቦታው ቆመዋል። አስጎብኚው አንዱን «ሙዚየም»፣ ሌላውን «ፍርስራሽ» እያለ ያልፋል። አስካለች ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ትርፌ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ ናቸው። ግድግዳው ላይ የመላእክት ፊት አለ፣ እዪው!» «ዝም በይ» አልኳት። ተጠሪያችን ሁለት እርምጃ ከኋላችን ነበር። እሷ ግን እጇን ሸሚዟ ኪስ ከታ በጣቷ ደረቷ ላይ ስታማትብ አየኋት፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዚያ ባሕሩ። እኔ ውኃ ሲባል የማውቀው ባኞ ውስጥ የተቀዳውን ነበር፤ ቢበዛ ክረምት ሲሞላ የሰፈራችንን ወንዝ። ይሄ ግን ማዶ የለውም! የሚያልቅበትን ስፈልግ ራሴ ዞረ። ልጆቹ ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ ሲገቡ እኔ አሸዋው ላይ ቆሜ፣ ውኃው እግሬ ሥር ያለውን አሸዋ እየሳበ ሲወስደው ተሰማኝና ጮኼ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሳቁብኝ። «ቆይ፣ ይሳቁ» አልኩ በልቤ፣ «ይሄ ነገር ሰው ይበላል።» አስካለችን ስፈልጋት አጠገቤ አልነበረችም። ከሌሎቹ ጋር መስላኝ ተውኩት።

አሥር ሰዓት ላይ ተሰለፉ ተባልን። ተጠሪው ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ። «አስካለች!» ብለን ተጣራን፤ መልስ የለም። መጀመሪያ ላይ «ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል» ተባለ፤ ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቫንያ ፊቷ ወረቀት መሰለ። የባሕሩ ዳርቻ ድንበር ስለሆነ ጠባቂ ወታደሮች አሉ፤ ሁለቱ መጡና ከተጠሪያችን ጋር ማውራት ጀመሩ። ከነሱ ወሬ የሰማሁት «መርከብ» የሚለውን ቃል ነው። ቱሪስት የጫነች መርከብ ከሰዓት በኋላ ወጥታለች። ያኔ ሁለት ፍርሃት አንድ ላይ መጣብኝ። አንደኛው ውኃው ወስዷታል የሚል። ሁለተኛው ኮብልላ ይሆን የሚል፤ እሷ ከኮበለለች ደግሞ ጎረቤቷ፣ አብሮ አደጓ፣ የክፍል ጓደኛዋ እኔ ነኝ። የቱን የበለጠ እንደፈራሁ ብትጠይቁኝ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን አፌ አይለውም።

መረብ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ቫንያ ሮጣ ሄደች። «ጥቁር ልጅ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች አይተዋል?» ሽማግሌው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። አዎ! ከዚያ በአገጫቸው ወደ ውኃው አመለከቱ። አጠገቤ የነበረች ከጅማ የመጣች ልጅ ኡኡታዋን ለቀቀችው። ፀሐይ እየሞቀኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እትዬ ወለላ ታዩኝ፤ ጫማውን ከካርቶን እያወጡ ለሰው ሲያሳዩ ታዩኝ። ለሳቸው ማን ነው የሚነግራቸው?

ተጠሪው ያን ጊዜ ነው ወደኔ የመጣው። ደብተሩን ከፍቷል። እሱም ላብ በላብ ሆኗል። «ጓድ ትርፌ፣ ጎረቤቷ ነሽ። እንደማትመለስ ነግራሻለች?» አለኝ። ጥያቄውን ሳይጨርስ፣ ከትከሻው ኋላ፣ አንደኛው ወታደር ጫማ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከውኃው በኩል ሲመጣ አየሁ። ቡናማ። ዘለበት ያለው። ትንፋሼ ወደ ውስጥ ሳብ አለ።

«ደህና» አለና ጻፈ።

ሲጽፍ አይቻለሁ። ፊደሉ ተገልብጦብኝም ቢሆን አንብቤዋለሁ። «ተጠይቃ፣ አዎ ብላለች» ይላል። «ኧረ አይደለም ጓድ፣ ደንግጬ ነው» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። ግን ይህን ብል «እሺ፣ ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ምን አውቃለሁ? ጾሙን አውቃለሁ። ደብዳቤውን አውቃለሁ። እንቁላሉን የበላሁት እኔ ነኝ። ዋጥኩት። ደብተሩን ከደነና እስክሪብቶውን ኪሱ ሰካው።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከባሕሩ ጫፍ ካለው ፍርስራሽ ጀርባ አንዲት ልጅ ወጣች። ባዶ እግሯን ናት፤ አንድ ጉንጯ ላይ የድንጋይ ምልክት ታትሟል። በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ «ጫማዬን ማነው የወሰደው?» አለች። በስመ አብ! እኔ ነፍሴ መለስ አለች፣ የጅማዋ ልጅ ከመሬት ተነስታ አቀፈቻት፣ ቫንያ እየሳቀች ታለቅሳለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃው አጠገብ ያለው ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በሩ ወደ ባሕሩ ነው የሚከፈተው፤ በር ስል ሳንቃም መቃንም የለውም፣ የግንብ ክፍት ብቻ። አስካለች ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ማናችንም ከልጅነታችን እንደምናደርገው፤ ገባች፣ ለእናቷ ጸለየች፣ በባዶ ሆዷ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀመጥ እንቅልፍ ጣላት። ሽማግሌው በአገጫቸው ያሳዩን ይህንኑ ፍርስራሽ ነበር። ወታደሩ ያየው ባሕር ዳር የተተወ ጫማ ነው፤ በር መኖሩን ከየት ያውቃል? እሱ ጫማውን የሚያወልቀው ሊዋኝ ነው። እኔ ግን ኮልፌ ያደግሁ ሰው! በየሳምንቱ ከመቶ ጫማ መካከል የራሴን ስፈልግ የኖርኩ፣ መጾሟን የማውቅ! ቆም ብዬ ባስብ ይገባኝ ነበር። አስካለች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አንቺ እንኳ አላወቅሽም?» ብላ ሳቀችብኝ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነው የሄደችው። እኔ ከፊት የተቀመጠውን የተጠሪውን ኮት ኪስ እያየሁ መንገዱ አለቀ። «ተገኝታለች አይደል፣ ይቀደዋል» አልኩ። ሄጄ «ቅደደው» ግን አላልኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አስካለችን ቢሮ ጠሯት። ከሰዓት ሻንጣዋን አሠረች። አላለቀሰችም። በር ላይ ስንሰነባበት ዓይኔን ለረዥም ጊዜ አየችኝ፣ ምንም አልጠየቀችኝም። ከወር በኋላ ከእናቴ ደብዳቤ መጣ፤ እትዬ ወለላ አርፈዋል። ልጃቸው ደረሰችላቸው አልደረሰችም፣ ደብዳቤው አይልም። እኔም ጽፌ ለመጠየቅ ወኔ አላገኘሁም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ነኝ። ተምሬ መጣሁ፣ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ስመለስ የነአስካለች ቤት ተሸጦ ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር። ከሰው ሰው ሰማሁ፤ አገር ቤት እንደገባች ቀበሌ ጠርተው ጠየቋት፣ ወራት ያህልም አቆዩዋት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ። በኋላ አየር ጤና፣ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት መጋረጃ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ አየር ጤና ወርጄ አላውቅም። ይህን የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው። ጉልበቴን የሚያየኝ ሐኪም ቤቴል ነው፤ ሰው ሁሉ አየር ጤና ወርዶ ታክሲ ቀይሮ ይሄዳል፣ እኔ ኮንትራት ይዤ አልፋለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ብርሽን ለምን ትበትኛለሽ?» ሲለኝ «የታክሲ ግፊያ አልችልም» እለዋለሁ። ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ሾፌሩን «ፍጠን» እለዋለሁ። ስንት የተፈራ ነገር አልፏል በዚህ አገር፤ ተጠሪው የለም፣ ደብተሩ የለም፣ ዘመኑም የለም። እኔ አንዲት መጋረጃ ሻጭ ነው የቀረችኝ የምፈራት።

ለሶሊያና እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ነገርኳት። የብርጭቆውን ስብርባሪ እየለቀመች ሰማችኝ። ስጨርስ «እና እስከ ዛሬ ሄደሽ አልነገርሻትም?» አለችኝ። «ምን ብዬ ልንገራት?» «አሁን ለኔ እንደነገርሽኝ።» «አንቺ ልጅ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል መስሎሻል?» ብዬ ተቆጣኋት። «ቀላል ነው አላልኩም እኮ፣ እማማ» አለች። ሰኞ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። ማክሰኞ ጠዋት ታክሲ ያዝኩ፣ ኮንትራት ሳይሆን እንደ ሰው። «አየር ጤና፣ ወራጅ አለ!» ስል ድምፄ አልወጣ ብሎ ረዳቱ ሁለቴ አስደገመኝ።

ሱቁ እንደነገሩኝ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ነው፣ ከጎኑ ጋራዥ አለ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ሜትር አንገቷ ላይ አጥልቃ አረንጓዴ ጨርቅ ትለካለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ማን ነሽ አላለችኝም።

«ትርፌ። ዛሬ ከመኪና ወረድሽ?» አለች።

የሱቁን መቃን ይዤ ቆምኩ።

«ኮንትራት ይዘሽ፣ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ በዚህ ስታልፊ ስንት ጊዜ ያየሁሽ ይመስልሻል? ‹ይቺ ሴትዮ ፀሐይ አትችልም መሰለኝ› እል ነበር» አለች። ፈገግ አላለችም። ጨርቁን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ወረቀቱን አንብበውልኛል፣ ያኔውኑ። ‹ተጠይቃ፣ አዎ ብላለች› ይላል። ዕድሜ ልኬን አንድ ነገር ነው መጠየቅ የፈለግሁት። በአፍሽ ምንድን ነው ያልሽው?»

«ምንም» አልኳት። «ጫማሽን ሳይ ትንፋሼን ሳብኩ። እሱ ብቻ ነው።»

ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ይመታል። እጇን ጨርቁ ላይ አሳርፋ አሰበች። «ደንግጠሽ ነው ወይስ አዎ ማለትሽ ነበር?»

ይህን ጥያቄ እኔ ለራሴ በየቀኑ ማለት ይቻላል ጠይቄዋለሁ። «ደንግጬ ነው» ብል ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ይዤ የመጣሁት አይደለም።

«ትንፋሹ ድንጋጤ ነበር» አልኳት። «ሲጽፈው ግን አይቻለሁ፣ አስካሉ። አንብቤዋለሁ። አይደለም ማለት እችል ነበር። ፈራሁ፣ ዝም አልኩ። ቦታሽንም ወሰድኩ። ዝምታው አዎ ነበር።»

እንባዬ ሲወርድ የኔ አይመስለኝም ነበር። እሷ አላለቀሰችም። ለረዥም ጊዜ አየችኝ፣ በር ላይ እንደተለያየን ቀን።

«ለእናቴ ደረስኩላት» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ አንድ ቀን። በነዚያ አሥራ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ስቃለች። ቀበሌ የጠሩኝ ከቀብሯ በኋላ ነው። ባልባረር ኖሮ አልደርስላትም ነበር።» ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀች። «ለሱ፣ ትርፌ፣ እግዜር ይስጥሽ።»

እግሯን ተጠምጥሜ ልስም ጎንበስ ስል በክንዷ አገደችኝ። ከጠረጴዛው ሥር በርጩማ ሳብ አደረገችና በእግሯ ወደኔ ገፋችው።

«ለቀረው ግን ገና አልተናገርኩሽም» አለች። «ብዙ ነው። ቁጭ በይ።»

ፈራሁ። ተቀመጥኩ።